ሱቅ ሳይዘጋ የሚገኝ ዲግሪ

የኮምፒዩተርን ሞያ ከሥራ ሳይለዩ ስለ መማርና ስለ ዋጋው

በንግድ የሚተዳደር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የአንድ ንግድ ቤት ሀብት በመጋዘኑ የተከመረው ዕቃ ብቻ አይደለም። ዕቃው የት እንዳለ፥ ስንት እንደ ወጣበት፥ በማን እጅ እንደሚገኝና ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስ አጣርቶ የሚያውቅ ሠራተኛ ከዕቃው የማያንስ ሀብት ነው። ይህ ዕውቀት ቀድሞ በወፍራሙ የሒሳብ መዝገብና በሒሳብ ያዡ ጭንቅላት ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል።

ለዚህም ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በ2020 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አስመጪውም ላኪውም የጉምሩክና የፈቃድ ጉዳዩን በኮምፒዩተር አማካይነት ማቅረብን ለምዷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቴሌብር በ2021 ከተከፈተ በኋላም ከትልቁ መደብር እስከ ጉሊት ድረስ የዕቃ ዋጋ በእጅ ስልክ ይከፈላል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውም በየሱቁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታያል። እነዚህ ሁሉ በየፊናቸው አኃዝ ያጠራቅማሉ፤ አኃዙን አገናኝቶ ለባለቤቱ ትርጉም የሚሰጠው ግን ሰው ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ማግኛው መንገድ ሁለት ብቻ መስሎ ኖሯል። አንደኛው በዲግሪ የተመረቀውን ከውጭ መቅጠር ነው። ይሁን እንጂ አዲስ የተቀጠረው ወጣት ኮምፒዩተሩን ቢያውቅም የንግዱን ጠባይ አያውቅም፤ ደንበኛው ለምን በዱቤ እንደሚወስድ፥ ትራንዚተሩ ለምን እንደሚዘገይ፥ የትኛው ዕቃ ከበዓል በፊት እንደሚያልቅ ለመረዳት ዓመታት ይፈጅበታል። ሁለተኛው መንገድ ንግዱን የሚያውቀውን የቤቱን ሰው ልኮ ማስተማር ነው። ይህ ደግሞ ልጅ ይሁን ሠራተኛ፥ ለአራት ዓመት ያህል ከሥራው እንዲለይ ያስገድዳል። ትንሽ ንግድ ቤት አራት ዓመት ሙሉ ያለ ዋና ሰው አይቆምም፤ በደመወዙ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሠራተኛም አራት ዓመት ያለ ደመወዝ አይኖርም። ስለሆነም ብዙ ሠራተኛ ተስጥኦው እያለው፥ ብዙ አሠሪም ፍላጎቱ እያለው፥ ነገሩ በምኞት ይቀራል።

ሦስተኛ መንገድ ግን አለ። ይኸውም ተማሪው ከሥራው ሳይለይ፥ በማታና በዕረፍት ቀን፥ በርቀት የሚማረው የኮምፒዩተር ዲግሪ ነው። ይህ መንገድ የተወደሰለትን ያህል ቀላል አይደለም። ማንኛውም ነጋዴ ዕቃ ከማዘዙ በፊት ዋጋውንና ማጓጓዣውን እንደሚያሰላ ሁሉ፥ ይህንንም አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

ትምህርት በፖስታ

የርቀት ትምህርት ከንግድ ጋር የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእንግሊዝ አገር በ1840 ርካሽ የፖስታ አገልግሎት ሲቋቋም፥ አይዛክ ፒትማን የተባለው መምህር የአጭር ጽሕፈትን ትምህርት በፖስታ ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹ የተሰጣቸውን ልምምድ ጽፈው ይልካሉ፤ እርሱም አርሞ ይመልስላቸው ነበር። ትምህርቱም ለንግድ ቤትና ለቢሮ ጸሐፊ የሚጠቅም ሞያ ነበር። ከዚያም የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1858 ባገኘው ቻርተር መሠረት፥ ተማሪው በየትኛውም ስፍራ ሆኖ ቢማር ለፈተና ቀርቦ ካለፈ ዲግሪውን እንዲያገኝ ፈቀደ። በዚህም ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን የት ተቀምጠህ ተማርክ ሳይሆን ምን ታውቃለህ ብሎ መጠየቅ ጀመረ። በደቡብ አፍሪካም ዩኒሳ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ከ1946 ጀምሮ ትምህርቱን በሙሉ በርቀት ለመስጠት ተነሣ።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ግን የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ትርጓሜውም ክፍት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። የሌበር ፓርቲ መሪ የነበሩት ሃሮልድ ዊልሰን በ1963 በግላስጎው ባደረጉት ንግግር በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። በዚያን ጊዜ ሐሳቡን እንደ ከንቱ ሕልም የቆጠሩት ብዙዎች ነበሩ። ዊልሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ግን ጉዳዩ ጄኒ ሊ ለተባሉት ሚኒስትር ተሰጠ፤ እርሳቸውም ተቃውሞውን ተቋቁመው በ1969 ዩኒቨርሲቲው ቻርተሩን እንዲያገኝ አደረጉ። በ1971 ጥር ወር ከ20,000 በላይ ተማሪዎች ትምህርት ጀመሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀን በሥራ ላይ የሚውሉ ነበሩ። ለመግባት ቀድሞ የተገኘ የትምህርት ማስረጃ አልተጠየቁም፤ የተጠየቁት የተሰጣቸውን መሥራት መቻላቸውን እንዲያሳዩ ብቻ ነበር። ይህ የመግቢያ ደንብ ለአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ዛሬም የጸና ነው።

ኮምፒዩተሩ ወደ ተማሪው ቤት እንዴት እንደ ገባ

ታሪክን ወይም ሕግን በመጽሐፍ ማስተማር ይቻላል። ኮምፒዩተርን ግን ያለ ኮምፒዩተር ማስተማር ዋናን ያለ ውሃ እንደ ማስተማር ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ አንድ ኮምፒዩተር ክፍል የሚሞላ ሀብት ነበር። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ያገኘው የመጀመሪያ መላ ቴሌክስን ለሚያስታውሱ ነጋዴዎች እንግዳ አይሆንም። በ1970ዎቹ ተማሪው በአቅራቢያው ወዳለው የጥናት ማዕከል ሄዶ በቴሌታይፕ ትእዛዙን ይጽፋል፤ ትእዛዙ በስልክ መስመር ወደ ሩቁ ኮምፒዩተር ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መስመር ተመልሶ በወረቀት ላይ ይታተምለት ነበር።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሄክተር የሚባል ትንሽ ኮምፒዩተር በሣጥን ታሽጎ ወደ ተማሪዎቹ ቤት ይላክ ጀመር። በ1988 ተማሪዎች በየቤታቸው ባለ ኮምፒዩተር እንዲሠሩና በስልክ መስመር ከመምህራቸውና ከጓደኞቻቸው ጋር በጽሑፍ እንዲወያዩ የሚያደርግ ትምህርት ተከፈተ። በ1998 የተጀመረው የፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ሰብስቧል። የቴሌቪዥኑ ስርጭት በ2006 ሲቆም የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ኢንተርኔት ስፍራውን አስቀድሞ ይዞት ነበርና።

በዚህ ረገድ የኮምፒዩተር ሞያ ከሌሎች ሞያዎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የሕክምና ተማሪ ያለ ሆስፒታል፥ የኬሚስትሪ ተማሪ ያለ ላቦራቶሪ ትምህርቱን ሊፈጽም አይችልም። የኮምፒዩተር ተማሪ ግን መማሪያውም፥ መለማመጃውም፥ በኋላም መሥሪያው ያው አንዱ መሣሪያ ነው። የጻፈው ፕሮግራም ስሕተት ካለበት መምህር እስኪነግረው መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ እምቢ ይለዋል። ይህ ትምህርት ከሌሎቹ ይልቅ ለርቀት የተመቸ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ትምህርቱ ምን ይዟል

የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርትን መጠን በክሬዲት ይለካሉ፤ አንድ ክሬዲት የ10 ሰዓት ጥናት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ በክብር ለማግኘት 360 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ይኸውም በሦስት ደረጃ እያንዳንዱ 120 ክሬዲት ሆኖ ተከፍሏል።

በመጀመሪያው ደረጃ ተማሪው ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሠራ፥ መረጃ እንዴት እንደሚቀመጥና እንደሚተላለፍ፥ አስፈላጊውን ሒሳብና ፓይተን በተባለው ቋንቋ ቀላል ፕሮግራም መጻፍን ይማራል። በሁለተኛው ደረጃ ትምህርቱ ይጠልቃል። አንድን ዝርዝር በፍጥነት የሚፈልግ ወይም በቅደም ተከተል የሚደረድር ስልት እንዴት እንደሚነደፍ፥ ትልቅ ፕሮግራም በጃቫ ቋንቋ እንዴት ተከፋፍሎ እንደሚገነባ፥ ኮምፒዩተሮች በኔትወርክ እንዴት እንደሚገናኙ ይማራል። በሦስተኛው ደረጃ የመረጃ አያያዝንና ትንተናን፥ የሶፍትዌር ምሕንድስናን፥ የመረጃ ደኅንነትንና የመሳሰሉትን እንደ ምርጫው ይከታተላል። በመጨረሻም 30 ክሬዲት፥ ማለት የ300 ሰዓት ሥራ የሚጠይቅ የራሱን ፕሮጀክት ሠርቶ ያቀርባል።

ለነጋዴው ትልቁ ቁም ነገር ያለው በዚህ የመጨረሻ ፕሮጀክት ላይ ነው። በሥራ ላይ ያለ ተማሪ የሚሠራውን ጉዳይ ከራሱ መሥሪያ ቤት ሊመርጥ ይችላል። የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪ ሠራተኛ የሆነ እንደሆነ፥ የትኛው ዕቃ ስንት ወር በመጋዘን እንደሚቆይና መቼ እንደገና መታዘዝ እንዳለበት የሚያሳይ ፕሮግራም ይነድፋል። የቡና ላኪ ሠራተኛ የሆነ እንደሆነ፥ እያንዳንዱ ጆንያ ከየትኛው ጣቢያ እንደ መጣና በየትኛው ውል እንደ ተጫነ የሚከታተል የመረጃ ቋት ይሠራል። በቀን ተማሪው የሚያደርገው ይህ ሥራ ለፈተና ብቻ ይሆናል፤ በሥራ ላይ ያለው ተማሪ የሚያደርገው ግን በማግሥቱ ከመጋዘኑ በር ላይ ይፈተናል።

ትምህርቱ ብቻውን የሚነበብ መጽሐፍ ብቻም አይደለም። ለየትምህርቱ አስጠኚ ይመደባል፤ በተቆረጠ ቀን የሚገባ የቤት ሥራ አለ፤ አስጠኚው አርሞና አስተያየት ጽፎ ይመልሳል። ተማሪው የሚያጠናበትን ሰዓት ራሱ ይመርጣል፥ የቤት ሥራው የሚገባበትን ቀን ግን አይመርጥም። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ነጻነት ያለው በሰዓቱ እንጂ በቀነ ገደቡ አይደለም።

የሰዓት ሒሳብ

360 ክሬዲት በ10 ሲባዛ 3,600 ሰዓት ይሆናል። የዲግሪው እውነተኛ ዋጋ ይህ ነው። ይህን ዋጋ ባንክ አያበድርም፥ ዘመድም አይከፍለውም።

በሙሉ ጊዜው የሚማር ሰው በዓመት 120 ክሬዲት ወስዶ በሦስት ዓመት ይፈጽማል። ሥራ ያለው ሰው ግን በዓመት 60 ክሬዲት ወስዶ በስድስት ዓመት መፈጸሙ የተለመደ ነው። 60 ክሬዲት ማለት 600 ሰዓት ነው፤ ይህም በ36 ሳምንት ሲከፈል ለሳምንቱ 17 ሰዓት ገደማ ይደርሳል።

እንበል፥ በአንድ አስመጪ ድርጅት የምትሠራ ሒሳብ ያዥ ይህን ትምህርት ጀመረች። ከሥራ ወጥታ፥ ትራንስፖርት ተሰልፋ፥ ቤቷ ደርሳ፥ ለልጆቿ ራት አቅርባ፥ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብትቀመጥ በአምስት ምሽት 10 ሰዓት ታገኛለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት፥ እሑድ አራት ሰዓት ብትጨምር 17 ይሞላል። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ይገጥማል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ለለቅሶ፥ ለሠርግ፥ ለዕድርና ለታመመ ልጅ የተተወ ሰዓት የለም። መብራት የሚጠፋበት ምሽትም አልተቆጠረም። ስለዚህ 17 ሰዓት ለማግኘት 20 ሰዓት ማቀድ የሚያስፈልግ መሆኑን ከወዲሁ ማወቅ ያሻል።

ከዚህም ሌላ የንግዱ ዓመትና የትምህርቱ ዓመት ይጋጫሉ። የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ብዙው ትምህርት በጥቅምት ወር ገደማ ተጀምሮ በግንቦትና በሰኔ ይጠናቀቃል። በእኛ አገር ደግሞ ሰኔ 30 የዓመት ሒሳብ የሚዘጋበት፥ የመጋዘን ዕቃ የሚቆጠርበት ወር ነው። ለሒሳብ ያዥዋ የመጨረሻው ፈተናና የዓመቱ ሒሳብ በአንድ ወር ይገናኙባታል። ለባለ ሱቁም ቢሆን ከትንሣኤና ከዒድ በፊት ያሉት ሳምንታት ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቁ የገበያ ሳምንታት ናቸው፤ የቤት ሥራው ቀን ግን በዓል አያውቅም። አስቀድሞ የሁለቱን ዓመት ቀን መቁጠሪያ አጠገብ ለአጠገብ ዘርግቶ ያላየ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ይሰናከላል።

በዓመት 60 ክሬዲት የሚከብደው ሰው 30 ብቻ ሊወስድ ይችላል፤ ሳምንታዊው ሸክም በግማሽ ይቀልለታል። በዚህ ዓይነት ግን ዲግሪው 12 ዓመት ይፈጃል። 12 ዓመት በኮምፒዩተር ሞያ ረጅም ዘመን ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የተማረው መሣሪያ በመጨረሻው ዓመት ሊያረጅ ይችላል። ስለዚህ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ምሳሌ እውነት ቢሆንም፥ እንቁላሉም ሳይበላሽ መፈልፈል አለበት።

በዚህ አሠራር ውስጥ ለነጋዴ ዓይን ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር አለ። በከፊል እየተጫነ የሚመጣ ዕቃ በደረሰ ቁጥር እንደሚሸጥ ሁሉ፥ ትምህርቱም በከፊል ፍሬ ይሰጣል። 120 ክሬዲት የፈጸመ ሰው የከፍተኛ ትምህርት ሰርተፊኬት፥ 240 የፈጸመ ደግሞ ዲፕሎማ ሊወስድ ይችላል። ሕይወት አስገድዶት መንገድ ላይ ቢቆም ባዶ እጁን አይመለስም።

የገንዘብ ሒሳብ

በእንግሊዝ የሚኖር የትርፍ ጊዜ ተማሪ ከመንግሥት የትምህርት ብድር የማግኘት ዕድል አለው። ከኢትዮጵያ ሆኖ የሚማር ሰው ግን ይህ የለውም፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። አስመጪ ይህን ችግር ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። በ2024 ሐምሌ ወር መጨረሻ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያው ዓመት ሳይፈጸም ከ120 ብር በላይ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ክፍያውን በብር ብቻ አስቦ የተነሣ ተማሪ፥ ዩኒቨርሲቲው አንድ ሳንቲም ሳይጨምርበት ዕዳው ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። የስድስት ዓመት ትምህርት ስድስት ጊዜ እንደሚከፈት ኤልሲ መታየት አለበት፤ የመጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውንም በምን እንደሚከፍሉት ማሰብ ይገባል።

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዋጋ አይሸጥም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ከጎልድስሚዝስ ኮሌጅ ጋር በመሆን በ2019 የጀመረው፥ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጥ የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት እንዲፈጸም የተዘጋጀ ሲሆን፥ ክፍያው ተማሪው በሚኖርበት አገር እንዲለያይ ተደርጎ ተነሣ። የመግቢያ ማስረጃ የማያሟላውም ተማሪ በመጀመሪያ ጥቂት ትምህርቶችን ወስዶ ካለፈ ሙሉ ተማሪ የሚሆንበት መንገድ ተከፈተለት። አስተዋይ ገዥ ከአንድ ሻጭ ብቻ ዋጋ ጠይቆ እንደማይገዛ ሁሉ፥ ተማሪም ቢያንስ የሦስት ዩኒቨርሲቲዎችን ዋጋና ደንብ አወዳድሮ፥ ከሚኖርበት አገር ተማሪ የሚቀበሉ መሆናቸውንም በጽሑፍ አረጋግጦ መመዝገብ ይኖርበታል።

በአገር ውስጥ ለሚማር ሰው ደግሞ ክፍያው በብር ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን በማታ የሚሰጠው፥ ሕዝቡ ኤክስቴንሽን ብሎ የሚጠራው ትምህርት፥ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመንግሥትና የንግድ ቤት ሠራተኞችን አስመርቋል። ተማሪውን በየምሽቱ ወደ ክፍል መጥራቱ በአንድ ወገን ድካም ቢሆንም፥ በሌላ ወገን ለመስነፍ የማይመች ሥርዓት ነው።

ስለ መውደቅና ስለ ማቋረጥ

በርቀት ትምህርት ከሚጀምሩት ውስጥ የሚያቋርጡት በግቢ ከሚማሩት ይልቅ ብዙ መሆናቸው በየአገሩ የታወቀ ነው። ይህን የሚደብቅ ሻጭ ዕቃውን በጨለማ እንደሚሸጥ ይቆጠራል። የሚያቋርጡበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአእምሮ ማነስ አይደለም። ሥራ መብዛት፥ የቤተሰብ ጉዳይ፥ ብቸኝነትና የመጀመሪያው የቤት ሥራ መዘግየት ናቸው። አንድ ሳምንት የዘለለ ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት የሁለት ሳምንት ዕዳ ይጠብቀዋል፤ ዕዳ ደግሞ እንዴት እንደሚከመር ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

በእኛ አገር ሌላም ምክንያት ይጨመራል። በ2020 ሰኔ ወር መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚማር ሰው መቋረጡን እንኳ ለአስጠኚው ለማሳወቅ መንገድ አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ችግር ተማሪው ሊከለክለው አይችልም፤ ጉዳቱን ግን ሊያሳንሰው ይችላል። የትምህርቱን ጽሑፍ በተገኘ ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ አውርዶ በኮምፒዩተሩ ማስቀመጥ፥ የቤት ሥራውን ከቀነ ገደቡ ብዙ ቀን ቀደም ብሎ መላክ፥ ዩኒቨርሲቲው ስለ ማራዘሚያ ያለውን ደንብ በመጀመሪያው ቀን ማንበብ ይበጃል። ባትሪው የሚይዝ ኮምፒዩተርም ከሚያምረው ኮምፒዩተር ይሻላል።

ከኪሳራ የሚያድነው ሌላው ብልኃት በትንሹ መጀመር ነው። በኮምፒዩተር ትምህርት ናሙና ማየት ይቻላል። ለስድስት ዓመት ከመፈረም አስቀድሞ፥ ሦስት ወር ያህል በሳምንት 17 ሰዓት መድቦ፥ በነጻ የሚገኝ የፓይተን ትምህርት ተከታትሎ መጨረስ ነው። ይህን የጨረሰ ሰው ዲግሪውን ለመጀመር የሚያበቃ ማስረጃ ከራሱ አገኘ ማለት ነው። ያልጨረሰ ሰው ደግሞ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ራሱን አወቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ ሳይሞክሩ ከመፈረም ሞክሮ መተው ይሻላል።

ማስረጃው በአገር ቤት

ጥሩ ዕቃ ያለ ሰነድ ከጉምሩክ አይወጣም፤ ዲግሪም እንደዚሁ ነው። የውጭ አገር ማስረጃ በኢትዮጵያ ከመንግሥት ዘንድ እውቅናና አቻ ግምት የሚያገኘው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል ነው። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፥ የታሰበው ዩኒቨርሲቲና በርቀት የሚሰጠው ዲግሪ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባል። በአገር ውስጥ ለሚማርም ሰው ትምህርት ቤቱ በተለይ ለዚያ ትምህርትና ለዚያ አሰጣጥ ዕውቅና ያለው መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ትምህርት የተፈቀደለት ተቋም ለሁሉም አልተፈቀደለትምና። ከ2023 ጀምሮ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ብሔራዊ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ መደረጉም ሊዘነጋ አይገባም።

የርቀት ዲግሪ ከሌላው ያነሰ ነው የሚለው አሮጌ ጥርጣሬ ዛሬም በአንዳንድ አሠሪዎች ዘንድ አለ። ይሁን እንጂ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ1995 ከዚሁ ከኦፕን ዩኒቨርሲቲ በንግድ ሥራ አስተዳደር የማስትሬት ዲግሪ ያገኙት በመሪነት ሥራ ላይ ሳሉ ተምረው ነበር። በኮምፒዩተር ሞያ ደግሞ ጥርጣሬውን ለማስወገድ ክርክር አያሻም። አሠሪው ተመራቂውን አንድ የሽያጭ መረጃ ሰጥቶ ያሠራዋል፤ ሥራው መልሱን ይሰጣል።

የአሠሪው ድርሻ

እስካሁን የተባለው ሁሉ የተማሪው ሸክም ነው። ነገሩ የሚሳካው ወይም የሚወድቀው ግን ብዙውን ጊዜ በአሠሪው እጅ ነው። ሠራተኛው እየተማረ መሆኑን ሰምቶ ደስ ብሎት፥ በሰኔ ወር ግን እስከ ማታ 3 ሰዓት የሚያስቆመው አሠሪ፥ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ወሰደ። ከክፍያው ግማሹን ከሚችልለት ይልቅ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው አሠሪ የበለጠ ረዳው ሊባል ይቻላል፤ ገንዘብ ከሌላም ሊገኝ ይችላል፥ ያ ሰዓት ግን ከአሠሪው በቀር ከማንም አይገኝም። በሳምንት አራት ሰዓት የሰጠ አሠሪ በ36 ሳምንት 144 ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም ከዓመቱ 600 ሰዓት ሩቡን ያህል ነው።

አሠሪዎች የሚፈሩት አንድ ነገር አለ፤ ተምሮ ይሄድብኛል የሚል ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በኮምፒዩተር የተመረቀ ሰው በባንክም፥ በቴሌኮምም፥ በውጭ አገርም ይፈለጋል። ለዚህ መድኃኒቱ በቅን ልቡና የተጻፈ ውል ነው። አሠሪው ምን ያህል ሰዓትና ምን ያህል ገንዘብ እንደሚሰጥ፥ ሠራተኛው ከተመረቀ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰርተፊኬቱን፥ ዲፕሎማውንና ዲግሪውን ባገኘ ጊዜ ደመወዙና የሥራ ደረጃው እንዴት እንደሚሻሻል ከመጀመሪያው ይጻፍ። ግዴታን ብቻ የያዘ ውል ሠራተኛውን እስከ መጨረሻው ቀን ያቆየዋል፤ በማግሥቱ ይሄዳል። የሥራ ዕድገት ያለበት ውል ግን ከቀኑም በኋላ ያቆየዋል።

ሌላውን ወገንም ማሰብ ይገባል። ሠራተኛው ሳይማር የቀረ እንደሆነ አይሄድ ይሆናል፤ ግን ከንግድ ቤቱ ጋር አብሮ ወደ ኋላ ይቀራል። ሒሳቡን ለመዝጋት፥ የተበላሸውን ፕሮግራም ለማስተካከል፥ የጠፋውን መረጃ ለማስመለስ በየጊዜው የውጭ ሰው የሚጠራ ድርጅት የገዛ መጋዘኑን ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ እንዳኖረ ይቆጠራል። የውጭው ሰው ሲታመም ወይም ዋጋ ሲጨምር ድርጅቱ ይቆማል።

በመሆኑም ይህን ትምህርት የሚያስብ ሠራተኛና አሠሪ፥ ከመመዝገቢያው ቅጽ በፊት አንድ ወረቀት ዘርግተው አብረው ቢቀመጡ መልካም ነው። በወረቀቱ አንድ ወገን 3,600 ሰዓት፥ የስድስት ዓመት ክፍያና የውጭ ምንዛሪው ሥጋት ይጻፍ። በሌላው ወገን በየሁለት ዓመቱ የሚገኘው ማስረጃ፥ በየምሽቱ የሚጨምረው ዕውቀትና በመጨረሻ ከራሱ መጋዘን የሚነሣው ፕሮጀክት ይጻፍ። ሚዛኑ ለሁሉም ሰው በአንድ ወገን አያደላም። ሚዛኑ ወደ ትምህርቱ ያደላላቸው ሰዎች ግን በሚመጣው ጥቅምት መጀመር ይችላሉ፤ ሱቁም በማግሥቱ እንደ ወትሮው በሰዓቱ ይከፈታል።